ኅቡእ ሣጥን በአባ ሳሙኤል ዳርቻ

የአሜሪካ መንግሥት የሳተላይቶቹን የአቅጣጫ ምልክት ለሕዝብ ሆን ብሎ ማደብዘዙን በተወ ማግሥት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በኦሬገን ጫካ አንድ ሰው በባልዲ የሸሸገውን ዕቃ ሌሎች በዚያው ምልክት እየተመሩ እንዲፈልጉት በመጋበዙ የተወለደው ጂኦካሺንግ የተባለው ጨዋታ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሆና ዐሥር ሜትር ያህል ለቀረበ መሣሪያ ብቻ ቀጣዩን ስፍራ የምታመለክትና የጎብኚውን ቍጥር የምትመዘግብ ትንሽ የሬዲዮ አስተላላፊ እስከ መጠቀም ደርሷል። ይህ ጥበብ ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች ወደሚገናኙበት፣ አእዋፈ ሰማይም የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው በበጋ ወደሚሰፍሩበት ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳርቻ ቢመጣ፣ የአቃቂ ቃሊቲ ወጣት ከፋብሪካው ጭስና ከእምቦጩ ባሻገር ያለውን ሥነ ፍጥረት በእግሩ ሄዶ፣ በዐይኑ አይቶ እንዲያውቅ እንደሚያተጋው አምናለሁ፤ ዳሩ ግን የሚፈለገው ሣጥን በረግረጉ መካከል ከተደበቀ ፈላጊው ሁሉ ያረፈውን መንጋ እያስበረገገ ስለሚያልፍ፣ አስተላላፊዋ አእዋፉ በርቀት ከሚታዩበት ከፍታ ላይ፣ በተለመደው የእግር መንገድ ዳር ትቀመጥ፤ መሬትም አይቈፈር፤ የመዘገበችው ቍጥርም ስንት እግር እንደ ረገጠው እንዲያውቁ ለስፍራው ጠባቂዎች ይድረስ፤ ፍጥረትን ሳይነኩ መመርመርን ከሕፃንነታቸው የለመዱ ልጆች ያሏት አገር ለውሃዋና ለአእዋፏ ዘብ አታጣምና።