የአንድ ዶላር ሱቅ እውነተኛ ዋጋ

በአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ዋና መንገድ ዳር ቢጫ ሰሌዳ የሰቀለ ሱቅ አይጠፋም፤ ዶላር ጄኔራል ይባላል። የሱቆቹ ቁጥር ከ20,000 በላይ ነው። ኩባንያው ራሱ እንደሚለው ከአሜሪካውያን 75 በመቶ ያህሉ ከአንዱ ሱቁ በ5 ማይል ርቀት ውስጥ ይኖራሉ። ስሙ ራሱ ርካሽ ነኝ ይላል። እቃው ርካሽ ከሆነ ታዲያ ትርፉ ከየት ይመጣል?

ተራ ነጋዴ እቃ ይገዛል፣ ወጪውን ያሰላል፣ ትርፉን ጨምሮ ዋጋ ይቆርጣል። የቁርጥ ዋጋ ሱቆች አሠራር የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ዋጋው ይቆረጣል፤ ከዚያ አምራቹ በዚያ ዋጋ ልክ እንዲሠራ ይጠየቃል። ዋጋው አልነቃነቅ ሲል የሚነቃነቀው እቃው ነው። ጠርሙሱ ያንሳል፣ ሶፍቱ ይሳሳል፣ የብስኩቱ ቁጥር ይቀንሳል።

ዶላር ትሪ የተባለው ሌላው ኩባንያ 35 ዓመት ሙሉ በ1 ዶላር ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ወደ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም መሸጋገሩን አስታወቀ። በእነዚያ ዓመታት የዶላር የመግዛት አቅም ከግማሽ በታች ወርዷል። ዋጋው ባለበት የቆየው ከውጭ በሚገባ ርካሽ እቃ ጭምር ነው፤ እቃው ግን ያው አልነበረም።

ለምሳሌ ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ አራት ሊትሩ ደግሞ ትልቅ መደብር ውስጥ 8 ዶላር ቢሆን፣ ትንሹን የገዛ ሰው ለአንድ ሊትር 2 ዶላር ከ50፣ ትልቁን የገዛው 2 ዶላር ይከፍላል። በ25 በመቶ የሚበልጠውን የሚከፍለው 8 ዶላር በአንድ ጊዜ ማውጣት ያልቻለው ነው። ስኳር በሩብ ኪሎ ከሰፈር ሱቅ ለሚገዛ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ሒሳብ እንግዳ አይደለም።

ውጤቱ በመዝገብ ላይ ይታያል። ከ100 ዶላር ሽያጭ የእቃው መግዣ ሲቀነስ ለዎልማርት 25 ዶላር ገደማ፣ ለዶላር ጄኔራል ደግሞ 30 ዶላር ገደማ ይቀራል። ወጪ የሚቆጠበው በሠራተኛም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሱቁን የሚይዙት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው። ያልተደረደረ ካርቶን መተላለፊያ ይዘጋል፤ የመደርደሪያው ዋጋ ሳይቀየር ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኦሃዮ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን የከሰሰው የመደርደሪያው ዋጋና ካሸሩ የሚጠይቀው ሒሳብ አይገናኝም ብሎ ነው። በዓመቱ ጉዳዩ በ1 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በ2024 ደግሞ በተዘጉ መውጫዎችና በመሰል የሠራተኛ ደኅንነት ጉድለቶች ከፌዴራል መንግሥት ጋር በ12 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

እነዚህ ሱቆች ይዘጉ ማለት ግን አይደለም። ትልቅ ሱፐርማርኬት ገበያው ትንሽ ነው ብሎ በማይገባበት ከተማ የሕፃን ዳይፐርና ወተት የሚገኘው እዚያ ነው። መኪና ለሌላት እናት ቅርብ መሆኑ ራሱ ዋጋ አለው። ለዚያ ቅርበት ስንት እየከፈለች እንደሆነ የማወቅ መብት ግን አላት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ ነጋዴ ከእቃው ዋጋ ጎን የኪሎውን ወይም የሊትሩን ዋጋ እንዲጽፍ ያስገድዳል። አሜሪካ ግን ይህን የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የላትም፤ ነገሩን ለግዛቶች ትታዋለች። አንዲት ትንሽ ወረቀት መደርደሪያ ላይ መለጠፍ ማንንም ነጋዴ አያከስርም። ሥራው ንጹሕ ከሆነ የሊትሩን ዋጋ መጻፍ ምን ያስፈራዋል?

ከዚያ በኋላ ትንሹን ጠርሙስ የሚያነሳው ሰው፣ ቢያንስ እያወቀ ያነሳል።