መጽሐፍ ከመላክህ በፊት

ባለፈው ሳምንት ውጭ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ አራት መቶ መጽሐፍ ሰብስበናል፤ ለቤተ መጻሕፍቱ እንላክ?» ይላል። እግዜር ይስጥህ ልጄ። መልሱን እዚሁ የምጽፈው ሌሎቻችሁም ይህንኑ ስለምትጠይቁኝ ነው። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከማስተማር ወደ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ከተዛወርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ከሊማሊሞ አፋፍ ብዙም አንርቅም። የትኛው ከተማ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የማታውቁ ይለፋችሁ። በእነዚህ ዓመታት የገባኝ ነገር ቢኖር የጎደለን በመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ አለመሆኑ ነው።

እስቲ ስለ በጀቱ ልንገራችሁ። ቤተ መጻሕፍቱ የራሱ የበጀት መደብ የለውም፤ በሌላ ጽሕፈት ቤት ሥር ያለ አንድ ክፍል ነው። ከክልል የሚመጣው ድጎማና የአካባቢው ገቢ ተደምሮ ሲደለደል ደመወዝ ቀድሞ ይነሳል። የቀረችው ሥራ ማስኬጃ ለወረቀት፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል ትሄዳለች። እኛ የምንታወሰው ሰኔ ሲገባ ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ሰኔ 30 ካለፈ ተመላሽ ስለሚሆን «ቶሎ ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ!» ይባላል። ታዲያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምን ይገዛል? ወንበር። እንዲያው ወንበር ብቻ እኮ ሞላን!

መጽሐፍ ሲገዛ ወይም በስጦታ ሲመጣ ደግሞ በሞዴል 19 ገቢ ይሆንና በእኔ ስም ይመዘገባል፣ ልክ እንደ ጠረጴዛው። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ አለ። አንድ መጽሐፍ ከጎደለ ከፋዩ እኔ ነኝ። ስለዚህ ብልህ የሆነ ሠራተኛ መጽሐፉን ቆልፎ ያስቀምጣል። ብዙ ቦታ «ቤተ መጻሕፍት» የምንለው ነገር መጽሐፍ የማያውስ የማንበቢያ አዳራሽ ሆኖ የቀረው በስንፍና ብቻ አይደለም። ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰው አይጠየቅም፣ የሚያውስ ግን ይጠየቃል።

አንድ ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መጣች። ከቆላው፣ ከሊማሊሞ ሥር ካለ ቀበሌ ወጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ድርቆሽና በሶ ቋጥረው ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ከመካከላችሁም እንደዚያ የተማራችሁ አላችሁ። የባዮሎጂ መጽሐፍ ለቅዳሜና እሑድ ውሰጅ አልኳት። እሷም ቤተሰቧ ዘንድ ወረደች፣ ታመመች፣ ቀረች። በመሃል ቆጠራ መጣና መጽሐፉ ጎደለ ተባለ፤ ከደመወዜ ተቆረጠ። ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ታናሽ ወንድሟ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሽፋኑ የለም። ጠርዙ ላይ ግን የሦስት ልጆች ስም በእርሳስ ተጽፏል፣ የእሷ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ተዋውሶታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንኳ «ብልሽት» ብለው ከመዝገብ ሊሰርዙት ደብዳቤ ሲጠይቁኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቄ መጣ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። በመንግሥት ሥራ ሰዓት እንከፍታለን። ያን ጊዜ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። እነሱ ሲወጡ እኛ እንዘጋለን፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድም ዝግ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ የሆኑ ጊዜ ሁላችንም ጮኸን። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም በቤተ መጻሕፍት ላላክክ አልፈልግም። ግን ማታ የሚያነብበት መብራት የሌለው ልጅ ደጃፋችን ላይ ቁልፍ አይቶ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ማታ ለመክፈት የሚያስፈልገው ደግሞ ለአንድ ሠራተኛና ለጥበቃው የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ መብራት ሲሄድም ሁለት የሶላር አምፖል ነው። ስንጠይቅ «መደብ የለውም» ይሉናል።

የንባብ ሳምንት ግን መደብ አያጣም! ባነር፣ ቲሸርት፣ የታሸገ ውኃ፣ ለእንግዶች ምሳ። ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በማግስቱ በሩ ይዘጋል። የንባብ ሳምንትን አልጠላም፤ ልጆቹ ግጥም ሲያነቡ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የአንዱ ቀን ወጪ የስንት ቅዳሜ የሕፃናት የንባብ ሰዓት ይሸፍን እንደነበር ሳሰላው ያንገበግበኛል።

አዲስ አበባ ላይ አብርሆት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ 1.1 ቢሊዮን ብር ወጥቶበታል። ይሁን፣ ለዋና ከተማ ይገባል። እኔ ግን ይበልጥ የምቀናው በዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሥራ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩ ሰው አገራቸው ተመልሰው ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ በኋላም ሐዋሳ አካባቢ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆች ላኩ። እኛ አገር ጋሪው ገደሉን አይወጣም እንጂ በቅሎ ሞልቶ የለም እንዴ? ሰሜን ተራሮች የቱሪስት ጓዝ የሚጭኑት በቅሎዎች በአንድ ጭነት የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት መደርደሪያ ይሞላሉ።

እናም ልጄ፣ መጽሐፎቹን ላክ። ከመላክህ በፊት ግን ዝርዝሩን አሳየኝ፤ የእኛ ልጆች የማይፈልጉትን ወፍራም የእንግሊዝኛ ሕግ መጽሐፍ አትጫንብኝ፣ እሱም በስሜ ነው የሚመዘገበው። ከመርከብ ጭነቱ ከምትከፍለው ላይ ቀንሰህ የአንድ ዓመት የማታ ክፍያ ብትችል ከመጽሐፉ ይበልጣል።

አገር ቤት ያላችሁ፣ በተለይ ምክር ቤትና ፋይናንስ የገባችሁ ተማሪዎቼ (አራቱን አውቃችኋለሁ!) ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። የመጪው ዓመት በጀት ሲደለደል ለቤተ መጻሕፍት፣ ትንሽም ብትሆን፣ የራሱ መስመር ይኑረው። ከመቶ መጽሐፍ አምስቱ በውሰት ቢጠፋ ሠራተኛው እንዳይከፍል የሚል ደብዳቤም ይጻፍልን። ረቂቁን እኔ ጽፌዋለሁ፣ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያለፈ የሚያገድም ካለ ገብቶ ይውሰደው፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል አለሁ።