ማስታመም ማስተኛት አይደለም

የዚህ ወር ወጋችን ስለ ጉልበት ነው።

ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ያውቀዋል። የዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር የነበሩት የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የተሰጠው ድልድይ ነው። እናቶቻችን ዘንቢል አንጠልጥለው፣ በግፊያው መሀል ተሸካሚ እያሳለፉ፣ ለዓመታት ተመላልሰውበታል። ዛሬ ከእነዚያ እናቶች ብዙዎቹ ጉልበታቸውን ይዘው ቤት ውለዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ልጆቻቸው አዋጥተው እዚሁ ከተማችን ወይም ህንድና ባንኮክ ድረስ ሄደው ጉልበታቸውን በቀዶ ሕክምና አስቀይረዋል።

በማርኬቲንግ ሙያ ውስጥ ላለን ሰዎች ዕቃው ስለተሸጠ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ደንበኛው በገዛው ዕቃ መርካት አለመርካቱን የሚወስነው ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት ነው። የጉልበት ቅየራም እንዲሁ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የተበላሸውን የአጥንት ጫፍ አስተካክሎ ብረትና ጠንካራ ፕላስቲክ ይተካበታል። ለረጅም ዓመታት በተደረጉ ክትትሎች ከ10 ሰው ሠራሽ ጉልበቶች 8 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ታይቷል። ነገር ግን ብረቱ በራሱ አይራመድም። የሚያራምደው ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ደግሞ ከተኛ ይሟሽሻል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደንብ ያልታጠፈና ያልተዘረጋ ጉልበት ውስጡ ጠባሳ እየጠነከረበት ይደርቃል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ፍቅራችንን የምንገልጸው በማስተኛት ነውና። አንዲት ጎረቤታችን ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ቤታቸው በጠያቂ ተሞላ። ሁሉም «እትዬ፣ አይነሱ፣ ይረፉ» ይላል። አንዷ ትራስ አምጥታ ከጉልበታቸው ሥር አደረገችላቸው። ለእሳቸውም ደስ አላቸው፤ ሕመሙ ቀለል ይላልና። ቤት ድረስ የምትመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግን ገና እንደገባች ትራሱን አነሳችው። «እማማ፣ እንዲህ ከሰነበተ አልዘረጋ ይልዎታል» ብላ ትራሱን ወደ ቁርጭምጭሚታቸው አወረደችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠያቂ በመጣ ቁጥር እትዬ በዎከራቸው እስከ በር ይሸኙ ጀመር።

ቀዶ ሕክምና ያደረገው ሰው እናንተ ቤት ካለ የጊዜ ሰሌዳውን እወቁት። አብዛኛው ታካሚ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተደግፎ ይቆማል። በ2 ሳምንት ገደማ ቁስሉ ይታያል፣ ስፌቱም ይወጣል። በእነዚህ ሳምንታት ዋናው ሥራ እግሩን ሙሉ በሙሉ መዘርጋትና ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው 90 ዲግሪ ያህል ማጠፍ መቻል ነው። በ6 ሳምንት ገደማ ሌላ ቀጠሮ አለ። እብጠቱና ሙቀቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ መሻሻሉም እስከ ዓመት ይቀጥላል። ስለዚህ በ2ኛው ወር «ገንዘባችን ባከነ» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ማስታገሻ ከታዘዘ ከስፖርቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቢወሰድ እንቅስቃሴው ይቀላል። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወረድ የተቀየረው።

ቤታችሁንም አዘጋጁት። በርጩማው ይቅርና መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይተካ። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ። ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማም ለጊዜው ይቅር። መጸዳጃ ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መቀመጫ ይዘጋጅለት። ስግደት የለመደ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ወንበር ላይ ሆኖ ጸሎቱን ማድረስ ይችላል። መቼ መንበርከክ እንደሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ። ቁስል ለመዳን ጥሩ ምግብ ይፈልጋል፤ ጾም ከሆነ የንስሐ አባትን ማማከር፣ ሽሮና ምስሩንም ማብዛት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን ካልተቆጣጠረ ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የተቀየረ ጉልበት ወጌሻ ዘንድ አይሄድም። አይታሽም፣ አይጎተትም። ባት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ መቅላቱ ከጨመረ ወይም ትኩሳት ከመጣም ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከመጣማ ለደቂቃም አትዘግዩ። ደም ማቅጠኛው «ተሽሎኛል» ተብሎ በመሀል አይቆረጥም።

ውጭ አገር የታከሙ ደግሞ ክትትሉ ከአውሮፕላኑ ጋር እንዳይቀር ይጠንቀቁ። የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት፣ የራጅ ፎቶዎቹን፣ የተገጠመውን ጉልበት ዓይነት የሚገልጸውን ካርድ ይዛችሁ ተመለሱ። ከመሄዳችሁ በፊትም እዚህ የሚከታተላችሁን የአጥንት ሐኪምና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አነጋግሩ። ለቲኬት የሚበጀተውን ያህል ባይሆንም፣ ለፊዚዮቴራፒ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ለብቻው ይቀመጥ።

ከልጆች መካከልም አንዱ ኃላፊ ይሁን። ቀጠሮውን የሚመዘግብ፣ መድኃኒቱን የሚቆጥር፣ ስፖርቱን አብሮ የሚሠራ። ሌሎቻችሁ ለጥየቃ ስትሄዱ ብርቱካኑን ይዛችሁ ሂዱ፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን «ይተኙ፣ አይነሱ» አትበሉ። እጃችሁን ዘርግታችሁ «ይነሱ፣ እስከ በር እንሂድ» በሏቸው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።