«የዜማ አገር» እያላችሁ ዜመኛውን አታስርቡ

በአንድ ቀላል ጥያቄ ልጀምር። ዛሬ ማታ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ከነሙሉ መሣሪያው የሚጫወት፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደር፣ ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት የሙዚቃ ባንድ የት አለ? ሰርግ ላይ በአንድ ኪቦርድ ሌሊቱን የሚገፋውን ልጅ አላልኩም። ለበዓል ሰሞን ተጠርቶ፣ ቲሸርት ታድሎት፣ ሁለት ዘፈን አቅርቦ የሚበተነውንም አላልኩም።

መልሱን የሁለቱም ከተማ ሰው ያውቀዋል። ያም ሆኖ መድረክ የወጣ ሹም ሁሉ ንግግሩን የሚከፍተው «ወሎ የፍቅር አገር፣ የዜማ ምንጭ» ብሎ ነው። ውሸት አይደለም። የኢትዮጵያ ዋና ቅኝቶች ተብለው ከሚቆጠሩት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ሁለቱ በእኛው አካባቢ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ቁልቁል የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን ያለ ወረዳ ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የእኛን አገር ስም ሳይጠራ አይመረቅም። እና የዚህ ሁሉ ባለቤት የተባለ ሕዝብ ማታ ማታ የሚያደምጠው በስፒከር የሚለቀቅ ፍላሽ ነው።

ይሄ ለምን ሆነ ሲባል ሦስት የተለመዱ መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው «ወጣቱ ጣዕሙ ተበላሸ» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ቴክኖሎጂ መጣ፣ ምን ይደረግ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ድሮም የደርግ ነበር፣ ከደርግ ጋር ሄደ» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስቱም ተጠያቂውን ሰው ከጥያቄው ያወጡታል፤ ለዚህም ነው የሚወደዱት። የኔ ክርክር ሌላ ነው። ባንድን የሚያኖሩት አዳራሽ፣ ቋሚ ገቢና ሰላማዊ ሌሊት ናቸው። እነዚህን የያዘው አካል እጁን ሲያነሳ የፈለገው ያህል ተወዳጅ ባንድ ይወድቃል።

ለዚህ ሩቅ አገር ያለ ምስክር ልጥራ። አየርላንድ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ሾውባንድ» የሚባሉ ቡድኖች ነበሯት። ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ጊታርና ከበሮ ይዘው፣ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው በየገጠሩ ከተማ የሚያስጨፍሩ ባንዶች ናቸው። ከሁሉም ስሙ የገነነው ከዋተርፎርድ ከተማ የወጣው ሮያል ሾውባንድ ነበር። በ1962 ሊቨርፑል ሲጫወት ቢትልሶች ገና መድረክ ከፋች ሆነው ነው ከፊቱ የቀረቡት። ገጠሩ ድሃ ነበር፣ ወጣቱም ይሰደድ ነበር፤ ግን በየከተማው የጭፈራ አዳራሽ ተሠርቶ ሰው በብስክሌትና በአውቶብስ እየመጣ ይሞላው ነበር። አዳራሾቹን ከሠሩት ነጋዴዎች አንዱ አልበርት ሬይኖልድስ በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል።

ከዚያስ? በነዚያ አዳራሾች መጠጥ አይሸጥም ነበር። ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች የራሳቸውን ሙዚቃ ሲጀምሩ፣ ኋላም ዲስኮ ሲመጣ፣ ደንበኛው ወደዚያ ዞረ። ለባለ ሆቴሉ ደግሞ ለዘጠኝ ሰው ከሚከፍል ለአንድ ሸክላ አጫዋች መክፈል ይረክሳል። ባለ አዳራሾቹ ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ሌላ ንግድ ሄዱ። በዚህ ላይ የሐምሌ 31 ቀን 1975 (እ.ኤ.አ.) መዓት ተጨመረ። የማያሚ ሾውባንድ አባላት ከሰሜን አየርላንድ ተጫውተው ሲመለሱ ሌሊት መንገድ ላይ የውሸት የፍተሻ ኬላ ተዘጋጅቶ አስቆማቸው፤ ሦስቱ ሙዚቀኞች ተገደሉ። ከዚያ ወዲያ የደቡቡ ባንድ ወደ ሰሜን ለመሻገር ሁለት ጊዜ ያስብ ጀመር። መንገድና ኬላ ለሙዚቀኛ ምን ማለት እንደሆነ ከወሎ ሰው በላይ ማንም አያስረዳም።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባም ያንኑ ታሪክ በሌላ መልክ አይታዋለች። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ደመወዙም መሣሪያውም የመንግሥት ነበር። ከዚያ የሆቴል ባንዶች ተነሡ፤ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዋሊያስ በሂልተን። የወልድያው ልጅ አያሌው መስፍን እንኳ ጥቁር አንበሳ ባንድን ይዞ የታወቀው አዲስ አበባ ላይ ነው። የወሎ ልጅ ዝናውን ለመሥራት ያኔም አገር መልቀቅ ነበረበት። ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የማታ ሥራ በሰዓት እላፊ ውስጥ ምን ይሆናል? ከሰዓቱ በፊት ሆቴል የገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ ያልገባ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ ከአባላቱ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል። የድሮ ካሴቱን በ2013 (እ.ኤ.አ.) የውጭ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ነው ዓለም «ይሄ ሰው የት ነበር?» ያለው። የት ይሆናል? መሪ ጨብጦ!

አሁን ደሴ እንግባ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየወረዳው፣ በየአውራጃው ኪነት ነበረ። ከታች ጎልቶ የወጣ ልጅ እየተመለመለ ወደ ላይ ይሄዳል። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን ሲያወጡ ወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንን አወጣች። «የአምባሰል ንግሥት» የምንላት ማሪቱ ለገሰ የዚህ ቤት ፍሬ ናት። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ ጉዞ በ77ቱ ድርቅ የደረሰልንን ዓለም ለማመስገን አገር ላገር ሲዞር መንግሥት ሙዚቃ ምን እንደሚሠራ በደንብ ገብቶት ነበር። ድርቁ አብዝቶ የፈጀው የወሎን ሰው ነው፤ ምስጋናውም በዜማ ነው የተላከው።

እዚህ ላይ «ኪነት እኮ የደርግ ጡሩምባ ነበር» የሚለኝ አለ። ልክ ነህ፣ ነበር። ለዘመቻ ዘፍኗል፣ ለአብዮት በዓል ዘፍኗል፣ እናት ልጇን ወደ ጦር ግንባር እንድትሸኝ ዘፍኗል። ይሄ ሊካድም ሊቆነጅም አይገባውም። ግን ሁለት ነገር ተደባልቆብሃል። አንዱ ደመወዙ ነው፤ ሌላው ትእዛዙ። ደመወዙ ለአንድ የገጠር ልጅ «ድምፅህ ሙያ ነው፣ ልጅ ታሳድግበታለህ» አለው። ትእዛዙ ደግሞ «የምልህን ብቻ ዝፈን» አለው። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ መጣል የነበረበት ትእዛዙ ነበር። እኛ ደመወዙን ጥለን ትእዛዙን አስቀረን! ዛሬም ባለሥልጣን ሲመጣ ቡድን ይጠራል፤ የሚዘፍነውም ይነገረዋል። ልዩነቱ አሁን የሚከፈለው የቀን አበል መሆኑ ብቻ ነው።

የውድቀቱን ሌላ ምክንያት ደግሞ ብዙ ሰው አያነሳውም። ላሊበላ የክፍለ ሀገር ቡድን ነበር። ወሎ ክፍለ ሀገር የሚባል አስተዳደር ሲቀር ደቡብ ወሎ ሆነ፣ ሰሜን ወሎ ሆነ፣ የቀረውም በየፊናው ተመደበ። በጀት የሚፈርምለት አንድ ጌታ አጣ። ስሙ ዛሬም ይጠራል፤ የሚከበርም ስም ነው። ግን ስም ደመወዝ አይከፍልም። ከላይ ያየናቸው የአየርላንድ ባንዶች በነጋዴ እጅ ነበሩ፤ ትርፉ ሲያልቅ ወደቁ። የእኛው በመንግሥት እጅ ነበር፤ መዋቅሩ ሲቀየር ወደቀ። ሁለቱንም የገደላቸው የራሳቸው ቤትና የራሳቸው ካዝና አለመኖሩ ነው።

በዚህ መሐል የሙዚቀኛው መብትስ? በወረቀት ላይ ችግር የለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሕጉ ከዋኙንም ያውቀዋል። መሬት ላይ ግን የወሎ ዜማ «የሕዝብ ነው» ይባላል። የሕዝብ ከሆነ ገንዘቡስ ለምን የሕዝብ አይሆንም? አንድ አቀናባሪ ባቲን ወስዶ በኪቦርድ ያበጃጀዋል፣ አንድ ዩቲዩብ ቻናል ይለጥፈዋል፣ አንድ ማስታወቂያ ያሻሽጥበታል። ዜማውን ከአባቱ ተቀብሎ በማሲንቆ ያቆየው ሰው ግን ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሽልማት ሲለቅም ያመሻል።

«ሀገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና ስለ ባንድ ታወራለህ?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ አከብረዋለሁም። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ነበር። ሆስፒታል ተዘርፏል፣ ፋብሪካ ተዘርፏል፣ ሰው ሞቷል። ከዚያም ወዲህ ክልሉ እፎይ አላለም፤ በክልሉ ከተሞች የሰዓት እላፊ አዋጅ ደጋግሞ ሰምተናል። የመድኃኒት ገንዘብ ለከበሮ ይዋል የሚል ሰው ካለ እኔም አብሬ እቃወመዋለሁ።

ግን ስለ አዲስ ገንዘብ አይደለም የማወራው። በየበዓሉ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ፣ ለባነር፣ ለአበል፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ አንድ ዝነኛ ዘፋኝና ለሆቴሉ የሚወጣው ብር አለ። ለአንድ ቀን ጭብጨባ ይቃጠላል፤ በማግስቱ ምንም አይቀርም። ደግሞም ሰላም ሲጠፋ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ሙስሊምና ክርስቲያኑ፣ አማራና ኦሮሞው፣ ነጋዴና ተማሪው አንድ አዳራሽ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ የሚቀመጥበት ማታ ከሌለ «ተቻችሎ የሚኖር ሕዝብ» የሚለው መፈክር በምን ይታደሳል? በለቅሶና በስብሰባ ብቻ?

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ አዳራሽ አሠርተው «አይጠየፍ» አሉት። ትንሽ ትልቅ ሳይል ሁሉ የሚገባበት ማለት ነው። ስሙ ራሱ መመሪያ ነው። ዛሬ ደሴ ወሎ ባህል አምባ የሚባል ቤት አላት። ለሚመለከተው የከተማ አስተዳደር ጥያቄዬ አጭር ናት፤ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በዚህ አዳራሽ ስንት ማታ ሙዚቃ ቀረበ? ስንት ቀንስ ስብሰባ ተካሄደ? ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለሕዝብ አውጡት። ሙዚቃው ከበለጠ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እዚሁ ቻናል ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ።

ምን ይደረግ ነው የምትሉ? አራት ነገር።

አንድ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ጎረቤት ናቸው። ለየብቻ ሁለት ሽባ ቡድን ከማቆም አንድ የጋራ ቡድን ያቋቁሙ። ደሴ አዳራሽና ስም አላት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክና ደመወዙን ተቀብሎ ከመጠጥ ቤት በቀር መሄጃ ያጣ ወጣት አላት። የሳምንቱ አንድ ማታ እዚህ፣ አንድ ማታ እዚያ።

ሁለት፣ ሙዚቀኛው በውል ይቀጠር። የቀን አበል ይቅር። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ መቺው ከጊታርና ከሳክስፎን ተጫዋቹ እኩል ደረጃ ይኑረው።

ሦስት፣ ቡድኑ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ የባንክ ሒሳብና የቀረጻው ባለቤትነት ይኑረው። ከተማው በጀት ይስጥ፤ የዘፈን ዝርዝር ግን አይስጥ። ባለሀብቱም ስፖንሰር ይሁን፤ የመድረኩ ጌታ ግን አይሁን። የአየርላንዱንም የኪነቱንም ስህተት የምናመልጠው እዚህ ላይ ነው።

አራት፣ የሰዓቱ ነገር ካሰጋ ሙዚቃው ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ሙዚቃን ማን ከጨለማ ጋር አጋባው?

ውጭ አገር ያላችሁ የወሎ ልጆችም ከዚህ ክርክር አታመልጡም። ዋሽንግተን ላይ አምባሰል ሲዘፈን እንባችሁ ይመጣል፤ ብርም ትሸልማላችሁ፣ ይባረክ። ያ ሽልማት ግን ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ማታ ነው። ከዚያው ላይ ቆርሳችሁ ደሴ ላይ ለአንድ ወጣት ክራር ተጫዋች የአንድ ዓመት ደመወዝ ብትሸፍኑ የሚቀጥለው አምባሰል ከየት እንደሚመጣ አትጨነቁም ነበር።

ማሪቱን ማሪቱ ያደረጋት ድምፅዋ ነው፤ ያንን ማንም አይሰጥም፣ ማንም አይነፍግም። ድምፁን ይዞ የመጣን ልጅ ተቀብሎ ነገ ተመለስ የሚለው ቤት ግን የሰው ሥራ ነው። ያንን ቤት አፍርሰን ሠላሳ ዓመት በላይ «የዜማ አገር ነን» እያልን ኖረናል። በሚቀጥለው በዓል ሹሙ መድረክ ወጥቶ ይህችን ቃል ሲደግማት አታጨብጭቡ። ለቡድኑ ስንት የደመወዝ መደብ እንደተፈቀደ ጠይቁት።