ሕፃናት ንባብን እንዲወዱ ስለ ማድረግ

ፊደል የዕውቀት በር መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሩ ተከፍቶ ሳለ የሚገባበት ሰው ከሌለ፤ በሩን ለማቆም የወጣው ገንዘብና የተደከመው ድካም ፍሬ አያገኝም። ሕፃንን ፊደል ማስቈጠርና ሕፃንን አንባቢ ማድረግ ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን መምህሩ በትጋቱ ሊፈጽመው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ሕፃኑ ራሱ ወድዶ ካልገባበት በቀር በትእዛዝ የሚፈጸም አይደለም።

ኢትዮጵያ ይህን ልዩነት በራስዋ ታሪክ አይታዋለች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አስተምሮአል፤ ከዚህም የተነሣ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቶአል። ሆኖም ከዘመቻው በኋላ በየገጠሩ የሚነበብ ነገር በበቂ ስላልተገኘ ከተማሩት ብዙዎቹ የተማሩትን ረሱ። የእጅ ሙያ ካልሠሩበት እንደሚጠፋ ሁሉ፤ ንባብም ካላዘወተሩት ይጠፋልና።

ዛሬ ደግሞ ጕዳቱ በሕፃናቱ ላይ ይታያል። የዓለም ባንክ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፤ በኢትዮጵያ ዐሥር ዓመት ከሞላቸው ሕፃናት ከመቶው 90ው ለዕድሜያቸው የተመጠነ አጭር ጽሑፍ አንብበው ለመረዳት አይችሉም። በዚህ ቍጥር ውስጥ ትምህርት ቤት ያልገቡት ተጨምረውበታል፤ የሚበዙት ግን በክፍል ውስጥ የተቀመጡ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ውጤት መመልከት ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከመቶው 3.3፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ አገኙ። ይህ ውጤት በተነገረ ቍጥር ነቀፋው የሚወርደው በሁለተኛ ደረጃ መምህራንና በተፈታኞቹ ላይ ነው። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት እንዳለው አይካድም፤ ሆኖም የታሪክም ሆነ የሒሳብ ጥያቄ መጀመሪያ ተነብቦ መታወቅ አለበት። በአፉ በፈታበት ቋንቋ ማንበብ ያልቀናው ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚደርስበትን ችግር መገመት አያዳግትም። እንግዲህ በ3ኛና በ4ኛ ክፍል የጐደለው ነገር በ12ኛ ክፍል ቢፈለግ አይገኝም።

የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለው። ሕፃኑ ፊደል ከቈጠረ በኋላ የዮሐንስን መልእክት፤ ኋላም ዳዊትን ያነባል፤ ቁም ንባብ እስኪደርስም ድረስ በየቀኑ ይደጋግማል። ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው መምህሩን ያመሰግናሉ። ስለዚህ የንባቡ ችሎታ የሚጸናው በመደጋገምና በመከበር ነው። ነገር ግን የሚነበበው በግእዝ በመሆኑ ሕፃኑ ምሥጢሩን የሚረዳው ዘግይቶ ነው። ሕፃኑን የሚያስቀውና የሚያስደንቀው ነገር፤ ማለት የጦጣና የጅብ ተረት፤ የአያቶች ታሪክና እንቆቅልሹ፤ ማታ በምድጃ ዳር በቃል የሚነገር ነበር። በዚህ ምክንያት ፊደሉ በመምህሩ ደጅ፤ ተረቱ በእናቱ ቤት ተለያይተው ኖሩ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሁለቱን ለማገናኘት ሲችል፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተለያዩ ትቶአቸዋል። ሕፃኑ በእጁ የሚይዘው የመማሪያውን መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚከፍተው ሊጠየቅበት ነው። መጽሐፍን ከጥያቄና ከወቀሳ ጋር ብቻ ያወቀ ልጅ፤ ከትምህርት ቤት በተለየ ቀን ከመጽሐፍም ይለያል።

ሁለቱ በተገናኙበት ስፍራ ግን ፍሬው ታይቶአል። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በየትምህርት ቤቱ ይነበብ በነበረበት ዘመን የተማሩ ሰዎች፤ ከሸመገሉ በኋላ እንኳ በቃላቸው ሲሉት ይሰማሉ። በ1995 ዓ.ም. አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ ኋላም በአዋሳ መጻሕፍት በአህያ በሚሳብ ጋሪ ወደ ሕፃናቱ እንዲሄዱ አድርገዋል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለዋና ከተማው ታላቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ የገጠር ሕፃን ለማንበብ ሲል ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ አይችልም፤ መጽሐፉ ወደ እርሱ ሊሄድ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ተረት ማንበብ ልጅን ከትምህርቱ ያዘናጋዋል ይላሉ። ይህ አሳብ በሥራ ተፈትኖ ሐሰት ሆኖ ተገኝቶአል። ፊጂ በምትባለው የደሴቶች አገር እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ኤሌይና ማንጉብሃይ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፤ በገጠር ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች፤ ለየክፍሉ 250 ያህል ደስ የሚያሰኝ የታሪክ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሰጡ። እንግሊዝኛም የልጆቹ የእናት ቋንቋ አልነበረም። ሌሎቹ ክፍሎች በተለመደው ትምህርት ቀጠሉ። ከስምንት ወር በኋላ ሲመረመሩ፤ መጽሐፍ ያገኙት ልጆች በንባብ ያሳዩት እድገት የሌሎቹን እጥፍ ያህል ሆነ፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጥቅሙ ወደ ሌላው ትምህርት ተሻገረ። ለነዚህ ልጆች የተጨመረላቸው መጽሐፍና የማንበቢያ ጊዜ ነው እንጂ አዲስ ሕንጻ አይደለም።

እንደዚሁም የኤኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. በብዙ አገሮች የ15 ዓመት ልጆችን ባስመረመረ ጊዜ፤ ወላጆቻቸው በዝቅተኛ ሥራ የሚኖሩ ነገር ግን ንባብን የሚያፈቅሩ ልጆች፤ ወላጆቻቸው በከፍተኛ ሥራ ካሉ ንባብን ከማይወዱ ልጆች በልጠው ተገኝተዋል። ስለዚህ የንባብ ፍቅር ለድኻው ልጅ ከማናቸውም ይልቅ የሚያስፈልግ ሀብት ነው።

ለዚህ ሥራ እንቅፋት የሆነው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በየእናት ቋንቋቸው ይማራሉ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም በየቋንቋው ታትመዋል። በነዚያው ቋንቋዎች ሕፃኑ ለደስታው የሚያነበው መጽሐፍ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ያለውም ጥቂቱ በብዙ ትምህርት ቤት በቁም ሣጥን ተቈልፎበት ይገኛል። ይሁን እንጂ ቍልፍ ያዡን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። መጽሐፉን እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ፈርሞ ተረክቦአልና፤ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ይጠየቅበታል፤ ሳይነበብ አቧራ ለብሶ ቢያረጅ ግን የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ያለው ሥርዓት መጽሐፉን ከሕፃኑ ይጠብቃል እንጂ ለሕፃኑ አይጠብቅም።

ጠመኔ ለመምህሩ የሚሰጠው ተጽፎበት እንዲያልቅ ነው፤ ያለቀውን ጠመኔ መልስ የሚለውም የለም። የሕፃናት የተረት መጽሐፍም በሕፃናት እጅ ተነብቦ የሚያልቅ ዕቃ ሆኖ ሊቈጠር ይገባል። ከብዙ እጅ የተነሣ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ የቸልተኝነት ምልክት ሳይሆን ሥራውን የፈጸመ መሆኑ በመዝገብ ሊታወቅለት ይገባል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ግልጽ መመሪያ ነው፤ እርሱንም ማውጣት በሹማምንቱ ሥልጣን ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ከዚህም ጋር ለየክፍሉ አንድ መደርደሪያ፤ ለየቀኑም ግማሽ ሰዓት ቢመደብ መልካም ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሕፃኑ የወደደውን መርጦ ያንብብ፤ ነጥብም አይያዝበት፤ መምህሩም አብሮ ያንብብ። የወረዳ የትምህርት ሹማምንት ትምህርት ቤት ሲጐበኙ ስንት መጽሐፍ በመዝገብ እንዳለ ከመጠየቅ ይልቅ፤ በዚህ ሳምንት ስንቱ በሕፃን እጅ ወደ ቤት እንደ ሄደ ቢጠይቁ የሥራውን እውነተኛ መልክ ያውቁበታል።

ለሕፃናት የሚሰጠው መጽሐፍ ግብረ ገብነትን የማያበላሽ እንዲሆን ካህናት ቢያስቡ ተገቢ ነው። የዚህ ጥንቃቄ መፈጸሚያ ግን መከልከል ሳይሆን መልካሙን ማብዛት ነው። በየደብሩና በየገዳሙ አፈ ታሪኩንና ምሳሌውን የሚያውቁ ሊቃውንት ሞልተዋል፤ ይህን በቀላል ቋንቋ ጽፈው ወይም ለጸሐፊ ነግረው ለሕፃናት ቢያበረክቱ፤ ከእነርሱ ጋር ሊያልፍ ያለው ዕውቀት ለሚመጣው ትውልድ ይተርፋል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም። ማታ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው እስቲ አንብብልን ቢሉት፤ ዳዊት ለደገመ ልጅ ይደረግ የነበረውን ክብር ያህል ለልጁ ይሆንለታል።

ሕፃናቱ በየዓመቱ ወደ ላይኛው ክፍል ያልፋሉ፤ በሕፃንነቱ ንባብን ያልወደደውን ካደገ በኋላ ማስወደድ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የተቈለፈው ቁም ሣጥን ሳይውል ሳያድር እንዲከፈት ማድረግ፤ ሥልጣኑ ያላቸው ሁሉ ግዴታ ነው።