የእትዬ የዱቤ ደብተር

ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጥ የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ብዙ እናቶች ይህን የመሰለውን ዓምድ መጀመሪያ ያነበቡት ጋዜጣ ገዝተው ሳይሆን፣ ከሱቅ ያመጡትን የስኳር ጥቅል ሲፈቱ ነው። እኛም አልተቀየምንም።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት የዲላ ባለሱቅ ነው። ቤተሰባቸው ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ አልወደዱም። የሰፈሩ ልጅም አዋቂም «እትዬ» ይላቸው ስለነበረ እኛም እንደዚያው እንበላቸው። ካረፉ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል።

ሱቃቸው ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ ከሚወርደው ዋና መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ ክፍል ነበር። ባንኮኒ፣ ሚዛን፣ የላምባ በርሜል፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፤ በሌላው ሱቅ የሌለ ዕቃ አልነበረበትም። ሰው የሚያስታውሳቸው ከባንኮኒው ሥር በሚያስቀምጡት የዱቤ ደብተር ነው።

ዲላን ለማታውቁ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ጌዴኦ የቡናና የእንሰት አገር ነው። ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ እሸቱ ለማጠቢያ ጣቢያ፣ የደረቀው ጀንፈል ለነጋዴ ይሸጣል። ገንዘብ ወደ ገበሬው ቤት የሚገባው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነው። በከተማውም በየመጋዘኑ ቡና እየለቀሙ የሚያድሩ ሴቶች ሥራ የሚያገኙት ቡናው ሲኖር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። በክረምት ሆድን በቆጮ መደገፍ ይቻላል፤ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ግን ከእንሰት አይፋቅም። ይባስ ብሎ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም፣ ቡናው ገና ሳይቀላ ነው። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ አራት ልጆች የምታስተምር እናት በዚያን ጊዜ ደብተርና እርሳስ ከየት ታምጣ?

አንደኛው መንገድ አበዳሪ ዘንድ መሄድ ነበር። አበዳሪው በክረምት ጥቂት ብር ሰጥቶ በዛፉ ላይ ያለውን ቡና በርካሽ ይይዛል። «ወለድ አገድ» በሚባለው ውል ደግሞ ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ የማሳውን ፍሬ የሚበላው አበዳሪው ነው። ለልጅ ደብተር የተወሰደ ብር የዓመቱን ለቀማ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

እትዬ ቡና በመያዣነት ተቀብለው አያውቁም። ለዱቤ ብለው ዋጋ አይጨምሩም፤ የጥሬ ብሩም የዱቤውም ዋጋ አንድ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የልጆች ደብተር በካርቶን ያስመጡና ለእያንዳንዷ እናት በልጆቿ ቁጥር ይሰጣሉ። ሲጋራና አረቄ ግን ለማንም በዱቤ አይሰጡም፤ ባልም ቢሆን በሚስቱ ገጽ ላይ አንዳች ነገር አያስጽፍም። ይህች ደንብ ከባሎች ጋር ብዙ አጣልታቸዋለች።

ደግነታቸውን ብቻ አውርተን ብናቆም ግን የሚያውቋቸው ይስቁብናል። ሲቆጡ ያስፈሩ ነበር። የቡናው ወር አልፎ ያልከፈለችን ሴት በአደባባይ ጠርተው ዕዳዋን በሰው ፊት ይነግሯታል። በዚህ የተነሣ ሱቁን እስከ መጨረሻው የተወች ጎረቤት አለች። እኛ ይህን አንደግፍም፤ ዕዳ በባለዕዳዋ ጆሮ ብቻ ቢነገር ይበቃ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ከተፈናቃዮቹ ወደ ዲላ የመጡም ነበሩ። እትዬ ያን ጊዜ በደብተራቸው «እንግዶች» የሚል ገጽ ከፈቱ። ልጅ አዝላ ለመጣች ሁሉ ሳሙናና ጨው ይሰጣሉ፤ ይጽፋሉም። ለምን እንደሚጽፉ ልጃቸውን ጠይቀናት ነበር፤ ትናንት የራሷ ጓዳ የነበራት ሴት ምጽዋት ከምትቀበል ዱቤ ብትወስድ ይሻላታል ብለው ነው አለችን።

ካረፉ በኋላ ደብተሩ በቤተሰቡ መካከል ክርክር አስነሣ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሟች ከሰው የሚፈልጉት ገንዘብ ለወራሾች ይተላለፋል፤ ስለዚህ ወንዶቹ ልጆች ይሰብሰብ ማለታቸው አግባብ ነበር። ችግሩ ደብተሩ የተጻፈው ለእትዬ ብቻ እንዲገባ ሆኖ ነው። «የመንትዮቹ እናት»፣ «ባለ ቀይ ሻሿ»፣ «የወንዝ ማዶዋ» ይላል እንጂ የአባት ስም የለበትም። ሴት ልጃቸው ማንንም አልጠየቀችም፤ ሱቁን ከፍታ ተቀመጠች። ብዙዎቹ በቡናው ወር ራሳቸው መጥተው ከፈሉ። በደብተሩ ያልተጻፈ ዕዳ አለብኝ ብላ የመጣችም አለች። ብዙ ብር ያለባቸው ሦስት አራት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ አልመጡም፤ ልጅቱ ማን እንደሆኑ ታውቃለች፤ ሲያልፉም ሰላም ትላቸዋለች።

እናንተም በሰፈራችሁ ሱቅ ዱቤ የምትወስዱ ከሆነ፣ የወሰዳችሁትን በቤታችሁም መዝግቡ፤ ቀንና መጠኑን ጻፉ፤ ባለሱቁንም ሙሉ ስማችሁን አስጽፉት። የእትዬ ልጅ አሁን የምትሠራው እንዲህ ነው። አንዱ ደብተር በሱቁ፣ አንዱ በደንበኛዋ እጅ ይቀመጣል።

እናቷ የሚሰጡትን ሁሉ ግን መስጠት አልቻለችም። ዋጋ እንዲህ ቶሎ ቶሎ በሚወጣበት ጊዜ፣ በሰኔ በዱቤ የወጣ ዘይት በኅዳር ሲከፈል ያንኑ ዘይት መልሶ አይገዛም። ስለዚህ ዘይትና ስኳር በጥሬ ብር ብቻ ሆነዋል። የልጆቹን ደብተር ግን አሁንም ነሐሴ ላይ በካርቶን ታስመጣለች።