ልጄ ጎበዝ ናት፤ ታዲያ ወዴት ልውሰዳት?

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ቤታችን ውስጥ የሰኞ ሆድ ቁርጠት ገባ። ታማሚዋ የ9 ዓመቷ ትልቋ ልጄ ናት። ቅዳሜና እሑድ ስትዘል ትውልና ሰኞ ማለዳ ዩኒፎርሟን ሳወጣ ሆዷን ይዛ አልጋ ላይ ትጠቀለላለች። ክሊኒክ ወሰድናት። የሰገራ ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ፣ ምንም የለም። በሳምንቱ መምህርቷ ኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ አንድ መስመር ጽፈው ላኩልን፤ «ሥራዋን ቀድማ ትጨርስና ሌሎቹን ታስወራለች፤ እባካችሁ ምከሩልን።» እኔም መከርኳት። ምክሬ «ስትጨርሺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» የሚል ነበር።

ነገሩ የገባኝ ከወር በኋላ ነው። አንድ ማታ የሂሳብ ደብተሯን ሳገላብጥ በየገጹ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ባዶ ናቸው። አልቻልሽውም ወይ ብዬ ብጠይቃት መልሱን እዚያው በቃሏ ነገረችኝ። «ታዲያ ለምን አልሠራሽውም?» ስላት፣ «ቶሎ ስጨርስ ቲቸር ሌላ ሃያ ጥያቄ ትጨምርብኛለቻ!» አለች። ልጄ የምታውቀውን መደበቅ ጀምራ ነበር ማለት ነው። ገና በሦስተኛ ክፍል!

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ሊኖር ይችላል። ማንም ሳያስተምረው ከታክሲ ታፔላ ላይ ማንበብ የጀመረ፣ አንድ ጥያቄ ስትመልሱለት ሦስት የሚያስከትል፣ ስለ ፕላኔቶች አውርቶ የማይጠግብ፣ የጫማውን ክር ግን ማሰር የሚያቅተው። የመጨረሻው አያስገርማችሁ። ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ሁሉ ነገራቸው እኩል አያድግም፤ አስተሳሰቡ የ12 ዓመት ልጅ፣ የእጅ ጽሑፉ የ7፣ አኩርፎ ሲያለቅስ ደግሞ የ5 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። በአንድ በኩል በጣም ልቆ በሌላ በኩል ማንበብ የሚቸግረው ወይም ረግቶ መቀመጥ የማይሆንለትም አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ «ረባሽ» ተብሎ ይቀራል። ደረጃንም መለኪያ አታድርጉት። አንደኛ የሚወጣው ልጅ በርትቶ የሚያጠናው ሊሆን ይችላል፤ ባለ ተሰጥኦው ደግሞ ሰልችቶት 14ኛ ይወጣል።

«እንግዲያው እናስፈትነዋ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ፈተና ይጠቅማል፤ ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርማን በካሊፎርኒያ 1,500 ያህል ልጆችን በአእምሮ ችሎታ ፈተና መርጦ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተከታትሏቸዋል። ተፈትነው ነጥባቸው ስላልሞላ ከቀሩት ውስጥ ሁለቱ ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሁለቱም ካደጉ በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ከተመረጡት ግን አንድም ኖቤል የወሰደ የለም። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያገኛችሁትን ባለ 20 ጥያቄ «የጂኒየስ ፈተና» ለልጃችሁ ሰጥታችሁ ውጤቱን ለአያቶች አትደውሉ። (እኔ ደውያለሁ።)

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ስህተት በገንዘቤ ገዛሁ። እኔ እንጀራዬን የማገኘው በማርኬቲንግ ነው። «የቀሩን ጥቂት ቦታዎች ብቻ ናቸው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እኔና አለቃዬ እናውቃለን። እንዲያም ሆኖ «ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ሕፃናት ብቻ» የሚል ያሸበረቀ ብሮሸር እጄ ሲገባ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተያዝኩ። የስድስት ሳምንት የሮቦቲክስ ኮርስ ነው። ክፍያው የአንድ ወር አስቤዛችንን ከነትራንስፖርቱ ይሸፍናል። ከፈልን። በመጨረሻው ቀን ልጆቹ ጋዋን ለብሰው ተመረቁ፤ አያቶች ተጠሩ፣ አበባ ተገዛ፣ ፎቶ ተነሣን። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ የመኪናውን መስኮት እያየች፣ «እማ፣ እኔኮ ሮቦቱን አንድ ቀን ብቻ ነው የነካሁት» አለችኝ። ለካስ 24 ልጆች፣ 3 ሮቦትና አንድ አስተማሪ ናቸው። አስተማሪው ይገጣጥማል፣ ልጆቹ ያያሉ። ሰርተፊኬቱ አሁንም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የተውኩት ለራሴ ማስታወሻ እንዲሆነኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ የትኛውም የልጆች ፕሮግራም ጋር ስሄድ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድ ኪት ወይም አንድ ኮምፒውተር ለስንት ልጅ ነው? ልጄ ከመመዝገቧ በፊት አንድ ቀን ገብታ መሞከር ትችላለች? ባለፈው ዙር የተማሩ ልጆች በገዛ እጃቸው የሠሩትን አንድ ነገር ልታሳዩኝ ትችላላችሁ? የመጀመሪያው ደረጃ ሲያልቅ ቀጥሎ ምን አለ? መልሱ ሁሉ ስለ አዳራሹና ስለ ምረቃው ከሆነ ቦርሳዬን አንሥቼ እወጣለሁ። ለአቀባበሏ ሠራተኛ «አስበን እንመለሳለን» ማለት አያሳፍርም።

አስተማሪውንም እዩት። የዲግሪውን ብዛት ማለቴ አይደለም። ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ በሙያቸው ጫፍ የደረሱ 120 ሰዎችን፣ ከፒያኖ ተጫዋች እስከ ዋናተኛና የሂሳብ ሊቅ፣ አስተዳደጋቸውን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1985 መጽሐፍ አሳትሟል። የብዙዎቹ የመጀመሪያ አስተማሪ በሙያው አንቱ የተባለ ሰው አልነበረም። ልጅ የሚወድ፣ ነገሩን ጨዋታ አድርጎ የሚያስጀምር ሰው ነበር። ጥብቁና ሊቁ አስተማሪ የመጣው በኋላ ነው፤ ልጁ ነገሩን ከወደደው በኋላ።

አሁን ወደ አድራሻዎቹ ልምጣ፤ ብዙዎቹ ነፃ ናቸው። አዲስ አበባ ካላችሁ በ2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። መግቢያ አይከፈልበትም። ልጃችሁን ውሰዱና መጽሐፉን ራሱ ይምረጥ። የእኔዋ መጀመሪያ የመረጠችው የመኪና ሞተር ሥዕል ያለበት ለአዋቂ የተጻፈ ጥራዝ ነበር። «ይህ ላንቺ አይሆንም» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ፒስተን ስታይ ዋለች። እዚያው አካባቢ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየምም አለ። በራቸውን ለጎብኚ በከፈቱበት ቀን ቀድማችሁ አጣርታችሁ ሂዱ።

ኮዲንግ ለሚወዱት አይኮግ ላብስ የጀመረው «ኤኒዋን ካን ኮድ» ለልጆችና ለወጣቶች ያስተምራል። በዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የስቴም ማዕከላት ደግሞ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሂሳብ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች ተቀብለው በቤተ ሙከራ ያሠራሉ። ቢሾፍቱ ያለው የፎካ ማዕከል ከቀደምቶቹ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም አለው። ከአዲስ አበባ ውጭ የምትኖሩ በአቅራቢያችሁ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ። ብዙ ወላጅ በሩን አንኳኩቶ አያውቅም። ልጃችሁ ሁለተኛ ደረጃ ከደረሰ በተለምዶ ኢንሳ የምንለው መሥሪያ ቤት በየክረምቱ የሳይበር ተሰጥኦ ውድድርና ሥልጠና ያዘጋጃል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል። በፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ መቀሌ ያለው ቃላሚኖና አዳማ ያለው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ትምህርት ቤት ይጠቀሳሉ። እኔ ግን ልጄን ከቤት ለማራቅ ገና አቅም የለኝም፤ እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ የማልችለው።

እኛ ቤት ከሁሉም በላይ የሠራው ስክራች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ኤምአይቲ የወጣ፣ 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀ ነፃ ፕሮግራም ነው። ልጁ ትእዛዞቹን እንደ መገጣጠሚያ መጫወቻ እያያያዘ የራሱን ጨዋታ ይሠራበታል። ሁለት ነገሩን ብዙ ሰው አያውቅም። ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል፤ ኮምፒውተር ላይ አንዴ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት በታብሌት የሚሠራ ስክራች ጁኒየር አለላቸው። ልጄ የታክሲ ረዳት «ቦሌ! ቦሌ!» እያለ ተሳፋሪ የሚጭንበትን ጨዋታ ሠራች። ድምፁ የአባቷ ነው። ተሳፋሪው ከታክሲው አልወርድ ብሎ አራት ሳምንት ታገለችው። ለሂሳብ ደግሞ ካን አካዳሚን እንጠቀማለን። እሱም ነፃ ነው፤ ገለጻው እንግሊዝኛ ነው። 3ኛ ክፍል የሆነ ልጅ የ5ኛ ክፍሉን ቢከፍት የሚቆጣው የለም።

ይህ ሁሉ ግን የቅዳሜ ነው። ሰኞ አሁንም ይመጣል። ልጅ የቀኑን ትልቁን ክፍል የሚያሳልፈው ትምህርት ቤት ስለሆነ ሄጄ ማነጋገር ነበረብኝ። ርእሰ መምህሩ በቅንነት ተቀበሉኝና «ደብል ትምታ፤ በቀጥታ 5ኛ ክፍል እናስገባት» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ፈራሁ። ያን ሰሞን አባቴ ከጎጃም መጥተው ነበር። ነገሩን ብነግራቸው ሳቁ። «እኛ የቄስ ትምህርት ቤት ስንማር ክፍል የሚባል ነገር የት ነበር? ፊደሉን የለየ ወደ ንባብ፣ ንባቡን የጨረሰ ወደ ዳዊት ይሄዳል። ዕድሜህን ማንም አይጠይቅህም። ከኔ ሁለት ዓመት የሚያንስ ልጅ ዳዊት ደግሞ እኔን ያስቀጽለኝ ነበር» አሉ። ቀጠሉና «እሷም ብትሆን በአንዱ ትቅደም፣ በሌላው ከእኩዮቿ ጋር ትሁን» አሉኝ። እሳቸው ይህን ሲሉ የአይዋ ዩኒቨርሲቲን ሰምተው አያውቁም። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ዘገባ ልጅን ከዕድሜው አስቀድሞ ማስተማር የሚቻልባቸው 18 ዓይነት መንገዶች ዘርዝረዋል። ሙሉ ክፍል መዝለል አንዱ ብቻ ነው። ሌላው በአንድ ትምህርት ብቻ ወደ ላይኛው ክፍል ገብቶ ለቀሪው ከእኩዮች ጋር መቆየት ነው። ዘገባው ክፍል መዝለልንም አይቃወምም፤ በደንብ ታስቦበት ሲደረግ በትምህርትም በጓደኝነትም ብዙ ወላጅ የሚፈራው ጉዳት እንደማይደርስ ነው የሚናገረው። ስለዚህ እናንተ ደብሉን ብትመርጡ አልፈርድባችሁም። የእኔ ልጅ ግን ነፍሷ የሆነች አንድ ጓደኛ አለቻት። የእጅ ጽሑፏም፣ እግዜር ያሳያችሁ።

ተመልሼ ሄድኩና ሂሳብን ብቻ ከላይኛው ክፍል ጋር እንድትማር ጠየቅሁ። «ፕሮግራሙ አይገጥምም» ተባልኩ። ገበያ ላይ የተማርኩት ነገር እዚህ ጠቀመኝ፤ አቤቱታ ይዤ አልተመለስኩም። የሁለቱን ክፍሎች የትምህርት ፕሮግራም ጎን ለጎን አድርጌ ሂሳቡ የሚገጥምባቸውን ሦስት ክፍለ ጊዜያት በቀለም አስምሬ፣ «ለአንድ ወር እንሞክረው፤ ካልሆነ እኔው ራሴ እተወዋለሁ» የሚል ግማሽ ገጽ ይዤ ሄድኩ። እናንተም ስትሄዱ «ልጄ ከሁሉም ትበልጣለች» ብላችሁ አትጀምሩ። መምህሩ 50 ልጅ ይዞ የሚውል ሰው ነው። ልጁ የሠራውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትፈልጉትንም አንድ ነገር ብቻ፣ ትንሽና የሚለካ አድርጉት። አንድ ነገር ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ተናገርኩ፤ ቶሎ ስትጨርስ ተመሳሳይ ሃያ ጥያቄ እንዳይጨመርባት፣ የመምህር ረዳት ሆና ሌሎቹን ስታስጠና እንዳትውልም። አንዳንዴ ማስጠናቱ ጥሩ ነው፣ አባቴም በዚያ ነው የተማሩት፤ በየቀኑ ከሆነ ግን ልጅቷ ራሷ መቼ ትማር?

ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ናት፤ ሂሳብ በሳምንት ሦስት ቀን ከ5ኛዎቹ ጋር ትማራለች። የሰኞ ሆድ ቁርጠቱ ጠፍቷል ማለት እችላለሁ፤ ሁለት ሰኞ ብቻ ተመልሶ ነበር። ባለፈው ወር የመጀመሪያውን የ5ኛ ክፍል የሂሳብ ፈተና ተፈተነች። ከ20፣ 11 አመጣች። በሕይወቷ ቀይ ኤክስ የበዛበት ወረቀት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ሥር ደብቃው አገኘሁት፤ ምንም አላልኩም። ሁለት ቀን አኮረፈች። ደብሉን ያላስመታናት እንኳን ነው ብዬ በልቤ አሰብኩ፤ ሂሳቡንስ ባንነካው ይሻል ነበር ይሆን ብዬም አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ እራት ተነሥቶ ቡና እየተፈላ፣ ወረቀቱን ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። 7ኛው ጥያቄ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ የክፍልፋይ ማካፈል ነው።

«እማ፣ ይሄ አልገባኝም።»

ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር በቢዝነስ ማኔጅመንት ለተመረቀችው እናቷም አልገባትም። አባቷን ጠራነው፤ እሱም ጭንቅላቱን አከከ። ሦስታችንም ወረቀቱ ላይ ተደፋን፤ ቡናው ገነፈለ።